በኦቦ ዓብዲሳ ጫማ ውስጥ የተገኘው ጠጠር

ኦቦ ዓብዲሳ ከገዛ ቤታቸው የውጭ ደረጃ ሥር ሞተው በተገኙ ዕለት፣ አምቦ ገዳያቸውን ለማወቅ ፀሐይ እስክትጠልቅ እንኳ አልጠበቀችም። ሲስተር ሮዛ ናት። ሌላ ማን ይሆናል? የእግር መጅ እያነሳች በምታክምበት ትንሽ ክሊኒክ በር «እግር ላጯ» እያለ ሲያልፍ የከረመው ሁሉ ያን ቀን ድንጋይ ይዞ መጣ። ሟቹ ያን ከሰዓት ከእሷ ዘንድ እግራቸውን ታክመው መመለሳቸውን ያልሰማ አልነበረም። ፖሊስም ከድንጋዩ ሊያድናትም ሊጠረጥራትም ጣቢያ አስገባት።

ኢንስፔክተር ሙሉወርቅ ግን አገር በአንድ አፍ ሲያወራ ጆሮዋን የምትደፍን ሴት ናት። ሁሉም ያወቀውን ነገር ማንም አላየውም ባይ ናት። አለቃዋ «ነገ ከቀብር በፊት ሌላ ነገር ካላገኘሽ፣ ሲስተሯ ላይ ክስ እንመሠርታለን፣ ክሊኒኩም ይታሸጋል» ብሏታል። ሮዛ ደግሞ ያቺን አንዲት ክፍል ለመክፈት ስንት ደጅ እንደጠናች ራሷ ናት የምታውቀው።

ሙሉወርቅ ጠዋት ሆስፒታል ገብታ ሬሳውን ከእግር በኩል ማየት ጀመረች። የራስ ቅሉ ከኋላ መፍረሱን ሐኪሙ ነግሯታል። በቀኝ ውስጥ እግሩ ላይ መጁ የተነሳበት ቦታ ለስላሳ ነው፤ ደም የለበትም፣ ጭረት የለበትም፣ ቅባቱ ገና ያብለጨልጫል። ተረከዙ ላይ ግን የስኒ አፍ የሚያህል የቆየ የእሳት ጠባሳ አለ። ግራ እግሩ ላይ ጫማ ነበረ። የቀኙ ጫማ ወልቆ ከሬሳው አጠገብ ተገኝቶ ነበር፤ ውስጡ ሹል ጠጠር አለ። ማሰሪያው ድርብ ተቋጥሯል። በጥፍሯ ልትፈታው ሞክራ አቃታት።

ከሆስፒታሉ ወጥታ ቀጥታ ኦቦ ሂርጳን አስጠራች። የሟች ታናሽ ወንድም ነው፤ ጌዶ ይኖራል፤ እንጨት በአይሱዙ ያመላልሳል። ሲገባ ሰላምታም አልሰጣትም።

«ቃሌን ትናንት ሰጥቻለሁ።»

«ድጋሚ ይስጡኝ።»

«ከደረጃው ሥር ቆሜ ነበር። ሲወርድ መሀል ላይ ቆመ። ‹ጠጠር ቆረቆረኝ፤ ያቺ ሴት ቆዳዬን ገፍፋ ጨርሳዋለች፣ እግሬን እሳት ነው የሚልሰኝ› አለ። በአንድ እግሩ ቆሞ ጫማውን አወለቀ። ከዚያ ወደቀ። መጅ እኮ የእግር ጋሻ ነው። እሱን አንስታ ነው የገደለችው።»

«ይህን ለሚስታቸው ነግረዋቸዋል?»

«ለሐዘንተኛ ዝርዝር ይነገራል እንዴ? እግር ላጯ ገደለችው አልኩ፤ በቃ።»

«ከጌዶ ምን ሊሠሩ መጡ?»

«ወንድም ወንድሙን ሊጠይቅ የፖሊስ ፈቃድ ያወጣል?» አለና ተነስቶ ሄደ።

ለቅሶ ቤት ስትደርስ የተቀበላት ፊትም ከዚህ የተሻለ አልነበረም። የሟች ባለቤት አዴ ቢሊሴ ከድንኳኑ ጀርባ ባለው ክፍል ተቀምጣ፣ «ገዳይዋን ይዛችሁ ሳለ እኔ ዘንድ ምን ፈልጋችሁ መጣችሁ?» አለቻት። ልጇ ሃዊ ከአጠገቧ አቀርቅራለች።

«ከሲስተር ሮዛ ጋር ቂም አለዎት ይባላል» አለች ሙሉወርቅ።

«አለኝ። መጁን በምላጭ የምልግለት እኔ ነበርኩ። አንድ ቀን ቆረጥኩትና ቁስሉ አልድን ሲለው ወደ እሷ ወሰድኩት። በሰው ፊት ‹ባልሽን ልትገድይው ነው?› አለችኝ። ይኸው፣ ማን ገደለው?»

«ተረከዛቸው ላይ ያለው ጠባሳስ?»

እናትና ልጅ ተያዩ።

«ከሰል ነው» አለች ቢሊሴ። «እሳት ሲሞቅ ነው።»

«ምን አሉ ሲቃጠሉ?»

«ባሌ ጯሂ አልነበረም። ሌላ ጥያቄ ከሌለሽ ሐዘኔ ላይ ተይኝ።»

ሃዊ ልትሸኛት ተነሳች። በሩ ሥር ከተደረደሩት ጫማዎች የአባቷን የቤት ጫማ አንስታ ገለበጠችው፣ አራገፈችው፣ እጇን ከትታ ውስጡን ዳሰሰችና መልሳ አስቀመጠችው። ያደረገችው የገባት ካስቀመጠችው በኋላ ነው፤ ዓይኗ እንባ ሞላ።

«ልማድ ነው» አለች። «ጠዋት ጠዋት እኔ ነኝ የማራግፍለት። የማስርለትም እኔ ነኝ፤ ማጎንበስ ይከብደዋል። እንዳይፈታ ድርብ አድርጌ፣ ጠበቅ አድርጌ ነው የማስረው። ትናንትም ከክሊኒኩ ስንወጣ መልሼ ያሰርኩለት እኔ ነኝ።»

«ሲፈቱስ?»

«የኔን ቋጠሮ? እሱ አይችለውም። ማታ እኔው ነኝ የምፈታው።»

ሙሉወርቅ ከዚያ ወደ ጣቢያው ተመልሳ ሮዛን አስወጣቻት። ሮዛ ግንባሯ ላይ ድንጋይ ያሳበጠው ቦታ ጠቁሯል። ንግግሯም እንደ ግንባሯ ነበር።

«ገድላለች ብለሽ ጨርሰሽ ከሆነ ጊዜዬን አትብዪው።»

«አብዝተሽ አንስተሽ ነው የወደቁት ይላሉ።»

«እነማን? በምላጭ እግር የሚልጉት? መጅ ጋሻ አይደለም። ጫማ አንድ ቦታ ሲጫን፣ ቆዳ ሲታሽ ነው የሚወጣው። ዝም ከተባለ ከሥሩ ይቆስላል። አለስልሼ፣ በስሱ አንስቼ፣ ቅባት ቀብቼ፣ ሰፊ ጫማ አስገዝቼ ነው የምሸኘው። ተመልሶ እንዳይወጣ ደግሞ በየጊዜው አያለሁ። ምላጭ አትንኩ፣ የመጅ ፕላስተር አትለጥፉ፣ ሳታራግፉ ጫማ አታድርጉ እላለሁ። ከኔ ዘንድ እየደማ የወጣ ሰው የለም።»

«ማራገፉ ለምን አስፈለገ? ጠጠር ካለ ራሳቸው ይቆረቁራቸው የለም?»



«የታካሚ ምስጢር ነው። ምዬለታለሁ።»

«ሰውየው ሞቷል እኮ።»

«ምስጢሩ አልሞተም።»

«ታስረሽም?»

«ታስሬም።»

ሙሉወርቅ ወደ ቢሮዋ ሄደች። ጠባሳው፣ የሃዊ እጅ፣ የሮዛ ዝምታ፤ ሦስቱም አንድ ነገር ይናገሩ ነበር። የቀረው «ለምን» የሚለው ነው። ሂርጳ እንጨት አመላላሽ ነውና፣ ለዚያ ጭልሞ ደን አጠገብ ወዳለው የጊንጪ ፖሊስ ደወለች። ከጭልሞ ደን ያለ ፈቃድ ተቆርጦ በተያዘ እንጨት ምክንያት ፍርድ ቤት የቀረበ ክስ አለ፤ አይሱዙው የሂርጳ ነው። ዐቃቤ ሕግ የቆጠረው ዋና ምስክር ደግሞ የገዛ ወንድሙ ዓብዲሳ ነበር።

ከሰዓት በኋላ ሬሳው ሊወጣ ሲል ሙሉወርቅ ሮዛን ይዛ ድንኳኑ ውስጥ ገባች። ድንኳኑ አጉረመረመ። አንዱ ሽማግሌ ከሮዛ እግር ሥር ምራቁን እንትፍ አለ። ፓስተሩ መዝሙሩን አስቁመው «ይህ ቦታው ነው?» ብለው ተቆጡ።

«ቦታው ነው፤ ከዚህ በኋላ ይቀበራል» አለች ሙሉወርቅ። «ኦቦ ሂርጳ፣ ወንድምዎ ከመውደቃቸው በፊት የተናገሩትን ቤተሰቡ አልሰማም። ይንገሩልን።»

ሂርጳ ተነሳ። ሰው ሁሉ ሮዛን እንዲያይለት በጣቱ አመለከታት። «‹ጠጠር ቆረቆረኝ› አለ። ‹ያቺ ሴት ቆዳዬን ገፍፋዋለች፣ እግሬን እሳት ነው የሚልሰኝ› አለ። ጫማውን ሲያወልቅ ወደቀ።»

ሃዊ ቀና አለች። ቢሊሴ ነጠላዋን ከፊቷ ላይ አወረደች።

«ምን ቆረቆረኝ አለ?» አለች ቢሊሴ፤ ድምፅዋ ቀጥኖ።

«ጠጠር አልኩ እኮ።»

«አዴ ቢሊሴ፣ ጠጠር ቆረቆረኝ ማለታቸው ይቻላል?» አለች ሙሉወርቅ።

ቢሊሴ ሮዛን አየቻት፤ ሮዛ መሬት መሬት ታያለች። ቢሊሴ ለረጅም ጊዜ ጥርሷን ነክሳ የያዘችውን ተናገረች። «አይቻልም። ስኳር እግሩን ካደነዘዘው ቆይቷል። ከሰል ላይ ረግጦ እኛ ያወቅነው ሥጋው ሲሸት ነው። ምስማር በጫማው ገብቶ ደም እያየን እሱ ሻይ ይጠጣ ነበር። ደከመ እንዳይባል ነው ለሰው ያልነገርነው።»

ሙሉወርቅ ጫማውን ከማስረጃ ከረጢት አወጣች።

«እዚህ ቤት የኖረ ሰው ይህን ውሸት አይፈጥርም። አዴ ቢሊሴ ቂመኛ ናቸው፤ ሮዛ ላይ ቢመሰክሩ ደስ ይላቸዋል፤ ግን ጠጠር አይሉም። ሮዛም ራሷን ልታድን ብትዋሽ ጠጠር አትልም። ጠጠር የሚለው ስለዚህ እግር ያልተነገረው ሰው ብቻ ነው። ያልተነገረው ሰው ደግሞ፣ በራሱ ቃል፣ ሲወድቁ ከአጠገባቸው የነበረው ብቸኛ ሰው ነው። ሃዊ፣ ይህ ቋጠሮ የማን ነው?»

«የኔ ነው። እንዳሰርኩት ነው።»

«የገዛ ጫማውን የሚያወልቅ ሰው ማሰሪያውን ይፈታል። ይህን ጫማ ግን ሌላ ሰው፣ በጥድፊያ፣ ከማይንቀሳቀስ እግር ላይ መንጭቆታል። ጠጠሩንም ያኔ ጨመረበት። በጭልሞው እንጨት ጉዳይ ወንድምዎ ‹አልመሰክርም› እንዲሉ ሊለምኑ መጡ፤ አሻፈረኝ አሉ፤ ገፈተሯቸው። ከዚያ አምቦ ቀድማ የጠላቻትን ሴት መምረጥ አልከበደዎትም።»

ሂርጳ አልካደም። የሚያስገርመው ቁጣው ነው፤ የተበደለ ይመስል ወደ ቢሊሴ ዞረ።

«ወንድሙ አይደለሁም? እግሩ መሞቱን ለምን አልነገረኝም?»

የመለሰችለት ሃዊ ናት። «ነግሮህ ቢሆን ኖሮ ሌላ ውሸት ታገኝ ነበር።»

ፖሊሶች ሲወስዱት ሰዉ መንገድ ለቀቀ። ሮዛን ይቅርታ የጠየቃት የለም። ምራቁን የተፋው ሽማግሌም ወደ ሬሳ ሳጥኑ ዞሮ መዝሙሩን ቀጠለ። ሮዛ ከቀብርተኛው ራቅ ብላ ብቻዋን ስትከተል፣ ቢሊሴ እርምጃዋን ቀነስ አድርጋ ጠበቀቻት።

«አሁንም አልወድሽም» አለቻት።

«አውቃለሁ።»

«ታስረሽም ስለ እግሩ አለመናገርሽን ግን...» አለችና ዓረፍተ ነገሩን አልጨረሰችውም። ጎን ለጎን እስከ መቃብሩ ሄዱ።