ወንድሟ የማያውቃቸው አሥር ሰከንዶች

«ራሴን አልሳትኩም! ዓይኔን እንኳ አልጨፈንኩም!»

ወንድሟ ከጄቱ መሰላል ገና ሳይወርድ ነው የሚጮኸው። ፊቱ በላብ ርሷል፤ የኦክስጅን ማስኩ ጠርዝ ጉንጩ ላይ ቀይ ምልክት ትቷል። መሬት እንደረገጠ ስልኩን አውጥቶ ለጓደኞቹ ድምፁን መቅዳት ጀመረ። «ጀለሶች፣ አምስት ጂ! የገዛ ክብደታችሁ አምስት እጥፍ ሲሆንባችሁ አስቡት! እኔ ግን እንደ ሐውልት ቀጥ!»

ሚጣ እየሰማች ተቁነጠነጠች። አሥራ አራት ዓመቷ ነው፤ ከክፍሏ ልጆች ሁሉ አጭር ስለሆነች የቤት ስሟ ትምህርት ቤት ድረስ ተከትሏታል። በሁለት ዓመት የሚበልጣት ወንድሟ ደግሞ አብራሪ ካልሆንኩ ሞቼ እገኛለሁ ባይ ነው። አክስታቸው በአየር ትርኢት ላይ ጄት የምታገላብጥ አብራሪ ናት። ሐኪም መርምሮ ከፈቀደ ሁለቱንም በየተራ ከኋላዋ አስቀምጣ ልታበርራቸው ቃል ገብታላቸው ነበር፤ ቀኑ ዛሬ ነው። ሳምንቱን ሙሉ ወንድሟ «አንቺማ ገና ከመሬት ስትነሺ ነው ጥቅልል የምትዪው» እያለ ሙድ ሲይዝባት ከርሟል።

ነዳጅ እስኪሞላ የጄቱ መካኒክ ከኋላ ወንበር ፊት የተገጠመውን ካሜራ ካርድ አውጥቶ ላፕቶፑ ላይ ሰካ። «ነይ እስቲ፣ የወንድምሽን ጀግንነት እንይ» አላት።

ጄቱ በአንድ ክንፉ ተጋድሞ ሲታጠፍ የወንድሟ ጉንጮች ወደ ታች ተንጠለጠሉ። ዓይኖቹ ፈጠጡ። ከዚያ አንገቱ ቅንጥስ ብሎ አገጩ ደረቱ ላይ አረፈ። «ትሰማኛለህ?» የሚል የአክስቷ ድምፅ መጣ። ጄቱ ወዲያው ተቃና። የልጁ እጆች ለብቻቸው ተወራጩ፤ አሥር ሰከንድ ያህል እንዲያ ሆኖ ቆየ። ከዚያ ቀና ብሎ ዓይኑን አርገበገበና፣ «እሺ አክስቴ፣ ዝግጁ ነኝ፣ ጀምሪ!» አለ።

መካኒኩ በሳቅ ፍርስ አለ። ሚጣ ግን ንድድ አላት። ውሸታም! መካኒኩን ለምና ቪዲዮውን ወደ ስልኳ አስገለበጠች፤ የሰፈር ልጆች ሁሉ ያሉበትን ግሩፕም ከፈተች። አውራ ጣቷ «ላክ» የሚለው ላይ ሊያርፍ ሲል አክስቷ ተጣራች።

«ሚጣ! ተራሽ ነው!»

ስልኳን ለመካኒኩ ሰጥታ እየሮጠች መሰላሉን ወጣች።

ሰማይ ላይ ሲደርሱ ልቧ ጆሮዋ ውስጥ ይመታ ነበር። «ሆድሽንና እግርሽን አጥብቂ!» አለች አክስቷ በሬዲዮው። «አጭር አጭር ተንፍሺ! ልንታጠፍ ነው!»

ዓለም ተጋደመ። አንድ ግዙፍ ሰው ጭኗ ላይ የተቀመጠ መሰላት። ሄልሜቷ የሲሚንቶ ከረጢት ሆነ። እጇን ልታነሳ ብትሞክር እጇ አልታዘዝ አላት። የለበሰችው ልዩ ሱሪ በአየር ተነፍቶ እግሮቿን ጨመቃቸው። ሰማያዊው ሰማይ ግራጫ ሆነ፤ ጨለማውም ከዳር ዳር እየተጠጋ በቀጭን ቧንቧ ውስጥ የምታይ ያህል ሆነባት።

«ቀለሙ እየጠፋ ነው!» አለች በተቆራረጠ ድምፅ።

«ደምሽ ወደ እግርሽ እየሸሸ ነው! ጨምቂው!»

ሚጣ ያላትን ጉልበት ሁሉ አሟጣ ጨመቀች። አክስቷ መታጠፊያውን ስታላላው ሰማያዊው ቀለም ፍንትው ብሎ ተመለሰ፤ ክብደቱም በአንዴ ለቀቃት።

«ድገሚልኝ!» ብላ ጮኸች።

አክስቷ ሳቀች። «አምስት ጂ ነበር እኮ! አጭር መሆን እዚህ ይጠቅማል፤ ከልብሽ እስከ ጭንቅላትሽ ቅርብ ስለሆነ ደሙ ቶሎ ይደርሳል።»

ሚጣ በቁመቷ ስትኮራ የዛሬው የመጀመሪያዋ ነው። ግን አንድ ነገር ከነከናት።

«አክስቴ፣ ሰው ራሱን ሲስት ያውቀዋል?»

«ቪዲዮውን አይተሻል ማለት ነው። ብዙ ሰው አያውቀውም፤ ያቺ ሰዓት ከጭንቅላቱ ተቆርጣ ትወጣለች። እኔ ራሴ ስልጠና ላይ ስቼ፣ አልሳትኩም ብዬ ከአስተማሪዬ ጋር ተሟግቻለሁ። ወንድምሽ እየዋሸ አይደለም። ስናርፍ አሳየዋለሁ።»

ሲያርፉ ወንድሟ ስልኩን ደግኖ መሰላሉ ሥር ይጠብቃት ነበር። «ሳትሽ? በይ ለጓደኞቼ ተናገሪ!»

ሚጣ ስልኳን ከመካኒኩ ተቀበለች። ቪዲዮው ግሩፑ ላይ ሊላክ አንድ ንክኪ ብቻ ቀርቶት ቁጭ ብሏል። ወደ አክስቷ ዞረች። «እኔ ላሳየው?» አክስቷ አየት አደረገቻትና ራሷን በአዎንታ ነቀነቀች።

«ካሜራውን አጥፋና ና» አለችው ወንድሟን።

ከአውሮፕላን ማቆያው ሃንጋር ጎን፣ ሣሩ ላይ ቆመው አሳየችው። መጀመሪያ ሳቀ። ቀጥሎ «ኤዲት ነው» አለ።

«አይደለም። ሰው አያስታውሰውም፤ አክስቴም ደርሶባታል።»

ሦስት ጊዜ ደጋግሞ አየው። ጆሮው ቀላ። «ለማን ላክሽው?»

«ለማንም።»

ወንድሟ ስልኳን መለሰላትና ራቅ ብሎ የቆመውን ጄት ተመለከተ።

«እግርሽን ስታጠብቂ… ከየት ነው የምትጀምሪው?»

ሚጣ ሣሩ ላይ ቁጭ አለችና እግሮቿን ዘረጋች።

«ከተረከዝ» አለችው። «ተቀመጥ፣ ላሳይህ።»