ለሁለት የታጨችው ቡችላ

ቭሮኒ ያን እሑድ ከቅዳሴ መልስ ወደ ውሻ አርቢው ወደ ጋሼ ኡርባን ግቢ ስትገባ አንድ ሰው ቀድሟት ሣሩ ላይ ተንበርክኳል። እሷ የምትፈልጋት ቡችላ የጫማውን ክር በጥርሷ ይዛ ትጎትታለች።

«ይህቺ ተይዛለች» አለ ሰውየው ቀና ሳይል።

«በማን?»

«በእኔ።»

«በሕልምህ ይሆናላ የያዝካት።»

ያኔ ቀና አለ። ሊመልስላት ያሰበው ነገር ምን እንደነበረ እስከ ዛሬ ማስታወስ እንዳቃተው ራሱ ይናገራል። ቭሮኒም ብትሆን ዓይኗን ቶሎ አልነቀለችም። እሷን ከጠየቃችኋት ግን ስታይ የነበረው ቡችላዋን ነው።

ቡችላዋን የፈለገቻት ለጨዋታ አልነበረም። በእኛ በባቫሪያ ተራሮች ሥር አጋዘን አቁስሎ ያጣ አዳኝ ዝም ብሎ ወደ ቤቱ ቢገባ ነውር ነው፤ የደም ዱካ የምትከተል ውሻ ያለውን ሰው መጥራት አለበት። በሸለቋችን ያ ሰው የቭሮኒ አባት ነበሩ። ሲሞቱ ሥራውን እሷ ወረሰች። በዚያ ዓመት በረዶው ሳይቀልጥ አሮጊቷ ውሻዋ ሞተችባትና አዳኞቹ ከተራራው ማዶ ሌላ ሰው መጥራት ጀመሩ። ለሚቀጥለው ዓመት የመስከረም አደን ሌላ ውሻ አሠልጥና ካላደረሰች ከነጭራሹ እንደሚረሷት ታውቃለች።

ሰውየው ሰቨሪን ነው፤ ከወንዙ ማዶ ያለው አናጢ። የአደን ፈቃድ ካወጣ ገና ዓመት አልሞላውም። ከእናቱ ከእማማ ኩኒ፣ ከእህቱና ከሦስት ልጆቿ ጋር ይኖራል፤ በዚያ ቤት ጸጥታ የሚገኘው ሁሉም ሲተኛ ብቻ ነው። የሚፈልገው በጫካ ዱካ የምትከተል፣ ማታ ከልጆቹ ጋር ምንጣፍ ላይ የምትንከባለል ውሻ ነው። ቭሮኒ ይህን ስትሰማ ሳቀች። አባቷ ያስተማሯት ሌላ ነው፤ የሥራ ውሻ ግቢ ውስጥ ለብቻዋ ታድራለች፣ ሰው ካሞላቀቃት አፍንጫዋ ይዶለዱማል።

የሚገርመው ግን ሁለቱም ያችኑ ቡችላ የመረጡት ቀደም ሲል በየፊናቸው መጥተው አንድ ነገር አይተው ነው። ወንድሞቿ ሳህኑ ላይ ሲራኮቱ እሷ ምግቡን ትታ፣ ጋሼ ኡርባን ሳህኑን ይዘው የመጡበትን መንገድ እያሸተተች እስከ ወጥ ቤቱ በር ትሄዳለች። ቭሮኒ አፍንጫዋን አየች። ሰቨሪን ደግሞ በሩ ላይ ስትደርስ ለሽማግሌው ጅራቷን ስትቆላ አየ።

ጋሼ ኡርባን ፒፓቸውን ነክሰው ሁለቱን እያፈራረቁ ተመለከቱ።

«አንቺ ሙያው አለሽ፣ ቤትሽ ግን ኦና ነው። አንተ ቤቱ ሞልቶልሃል፣ ስለ ዱካ ግን የምታውቀው የለም። ውሻ በዓመት ጥቂት ቀን ነው ዱካ የምትከተለው፤ የቀረውን ከሰው ጋር ነው የምትኖረው። ለአንዳችሁም አልሰጥም። አብራችሁ አሳድጓት፤ ለከርሞ የማን እንደሆነች እኔው እነግራችኋለሁ።»

መንደሩ ይህን ሰምቶ ሲስቅ ከረመ። ቢራ ቤት ውስጥ ሰቨሪንን ሳያገባ ልጅ ማሳደግ ጀመረ እያሉ አላስቀምጥ አሉት። ቡችላዋን ሄላ አሏትና አንድ ሳምንት እሱ ጋ፣ አንድ ሳምንት እሷ ጋ መመላለስ ጀመረች።

ቭሮኒ የአጋዘን ደም በጠርሙስ ይዛ ጫካ ውስጥ ጠብ ጠብ እያደረገች ትሄዳለች፤ በማግስቱ ሄላን በረጅሙ ጠፍር ይዛ ዱካውን ታስከትላታለች። ሰቨሪንን ከኋላ እንዲሄድና አፉን እንዲዘጋ ነገረችው። ዘጋ። በዚያ ሁሉ ዝምታ ውስጥ የሚያየው የእሷን ጀርባና ከባርኔጣዋ ሥር ያመለጠውን ፀጉሯን ነበር። ሄላ ስትቆም እሷ ትንፋሿን ትይዛለች፤ እሱም ይይዛል። አንድ ቀን ዘወር ስትል ትንፋሹን እንደያዘ አገኘችውና ለመጀመሪያ ጊዜ ፈገግ አለችለት። ወደዳት። ለማንም አልተናገረም፤ እናቱ ግን ሾርባው ላይ ሁለት ጊዜ ጨው ሲያደርግ አይተው ገባቸው።

ቭሮኒ የውሻዋን አያያዝ ለመቆጣጠር ወደ ቤታቸው የመጣች ዕለት ሄላን የአሻንጉሊት ሻርፕ አድርጋ፣ ራሷን በትንሿ ልጅ ሆድ ላይ ጥላ፣ ከእማማ ኩኒ እጅ የአይብ ቅርፊት ስትበላ አገኘቻት። ተቆጣች። እማማ ኩኒ ቁጣዋን እስክትጨርስ ሰሙና የዳቦ ድቡልቡል በሥጋ ወጥ አቀረቡላት። በሚቀጥለውም ሳምንት ልትቆጣ መጣች። እያደር ቁጣው አነሰ፣ ምሳው በዛ። አንድ እሑድ እማማ ኩኒ ሳህን እያጠቡ በጆሮዋ የሆነ ነገር አሏት። ቭሮኒ እስከ አንገቷ ቀላች፤ ምን እንዳሏት ግን አልተናገረችም።

በሁለተኛው ዓመት ነሐሴ ነገር ተበላሸ። ሄላ ዱካውን መሃል ላይ ትታ ከሰቨሪን ጋር ለመጫወት ተመለሰች። አንድ ቀን ቢሆን ባልከፋ፤ ደጋገመችው። መስከረም ደርሷል፣ ቭሮኒም ፈራች። ሄላን ግቢዋ ውስጥ ባለው የአባቷ የውሻ ቤት ቆለፈችባት፤ የሰቨሪን ተራ ሲደርስም አልሰጥም አለች።

«ምግብ አልቀመሰችም እኮ» አላት በሽቦው አጮልቆ አይቶ።

«የእናንተ ቤት ነው ያበላሻት። ብቻዋን መሆን ትለምደዋለች። እኔም ለምጄዋለሁ።»

«አንቺ ስለለመድሽው በእሷ ላይም ይፈረድባት?»

ቭሮኒ ቁልፉን ከፍታ ጠፍሩን በእጁ አስያዘችውና ቤቷ ገባች። ሰቨሪን ቃሉን መልሶ ቢውጠው በወደደ፤ ግን አንዴ ወጥቷል። ከዚያ ወዲህ ሄላን የሚቀባበሉት በቤተ ክርስቲያኑ በር ላይ ነው፣ ያለ ሰላምታ። እማማ ኩኒ እሑድ እሑድ ለቭሮኒ ሳህን ያቀርባሉ፤ ሳይነካ መልሰው ያነሡታል።

ከመስከረም ቀናት በአንዱ የአዳኞቹ አለቃ ግሬጎር ምሽት ላይ ትልቅ ወንድ አጋዘን አቁስሎ አጣ። የተራራው ማዶ ሰውዬ ውሻ እግሯ ተጎድቶ ነበርና ወድዶ ሳይሆን ተቸግሮ በማግስቱ ጠዋት ቭሮኒን ጠራት። ዛሬ በእሱ ፊት ካልተሳካላት ማንም ዳግመኛ እንደማይጠራት ግልጽ ነው። ሳምንቱ የሰቨሪን ስለነበረ ሄላን ይዞ እሱም መጣ።

«የምንጣፏን ውሻ አመጣችሁልኝ?» አለ ግሬጎር።

ቭሮኒ ጠፍሩን ዘረጋች። ሄላ አፍንጫዋን መሬት ላይ ደፍታ ቁልቁል ወረደች። ዝናብ ያጠበውን ሜዳ አልፋ እስከ ጅረቱ ወሰደቻቸው። እዚያ ስትደርስ ቆመች፤ ከዚያ ዞራ በመጣችበት ተመልሳ ወደ ጥቅጥቁ የጥድ ጫካ መውጣት ጀመረች።

ቭሮኒ ውኃው ዳር ድንጋይ ላይ ደም አየች። የቆሰለ አጋዘን ውኃ ይሻገራል ይሉ ነበር አባቷ። ጠፍሩን ስባ ሄላን ወደ ጅረቱ መለሰቻት። ሄላ እንደገና ሽቅብ ዞረች፤ ቭሮኒ እንደገና ሳበቻት። በሦስተኛው ሄላ ሆዷን መሬት አስነክታ ተኛች።

ግሬጎር ረጅም ትንፋሽ ለቀቀ።

ዱካ ላይ አፉን ከፍቶ የማያውቀው ሰቨሪን ያኔ ተናገረ።

«ቭሮኒ፣ አልደከማትም። እቤት ልጆቹ ድብብቆሽ ሲጫወቱ እሷ ናት ፈላጊዋ። የተደበቀውን አግኝታ ሳለ ሌላ ቦታ ፈልጊ ብለው ሲጎትቷት እንዲህ ነው የምትተኛው። አጋዘኑ የት እንዳለ ታውቃለች። ያላመንናት እኛ ነን።»

ቭሮኒ ደሙን አየች፣ ሄላን አየች። አባቷን አንድም ቀን ተቃርናቸው አታውቅም። ጎንበስ አለችና ጠፍሩን አላላች።

«ይቅርታ አድርጊልኝ» አለቻት በጆሮዋ። «ሂጂ።»

ሄላ ተነሥታ በጥዱ መሃል ሽቅብ ወሰደቻቸው፤ ከቅርንጫፉ ብዛት የተነሣ አንዳንዱን ቦታ በእጅና በጉልበት ነው ያለፉት። አጋዘኑ ወደ ጅረቱ ወርዶ፣ በገዛ ኮቴው ላይ ተመልሶ ወጥቶ ኖሯል። ከወደቀ ጥድ ሥር ሞቶ ተገኘ። ሄላ አጠገቡ ቁጭ ብላ ሁለቱን እያፈራረቀች ታያለች። ቭሮኒ እያለቀሰች ትስቅ ነበር፤ ሰቨሪንም ከእሷ አይሻልም።

ግሬጎር ባርኔጣውን አወለቀ። የጥድ ቀንበጥ ሰብሮ ደሙን አስነካውና በባርኔጣው ላይ አድርጎ ለቭሮኒ አቀረበላት፤ በእኛ አገር አዳኝ አጋዘኑን ላገኘለት ሰው የሚሰጠው ክብር ይህ ነው። ከዛሬ ጀምሮ ወደ ተራራው ማዶ ሰው አልልክም አላት፣ ሰቨሪንም እየሰማ።

ቭሮኒ ቀንበጡን ለሁለት ከፈለችው። አንዱን እንደ ወጉ በሄላ አንገት ማሰሪያ ላይ ሰካች። ሁለተኛው በራሷ ባርኔጣ ላይ መዋል ሲገባው ወደ ሰቨሪን ሄዳ በእሱ ባርኔጣ ላይ ሰካችለት። እጇን ለማንሣት አልቸኮለችም። ግሬጎርም ለጨዋነት ሲል አጋዘኑን መመርመር ጀመረ።

ወደ መንገዱ ሲወርዱ ጋሼ ኡርባን ትራክተራቸው ላይ ተቀምጠው ይጠብቋቸዋል።

«ሥራዋን ቀድሞ ከወረደው ከግሬጎር ሰምቻለሁ» አሉ። «ማደሪያዋ ነው የቀረው። እናንተው ንገሩኝ፤ ከማን ጋር ትደር?»

«ከእኔ ጋር» አለች ቭሮኒ።

ሰቨሪን አንገቱን ደፋ። ይገባታል፤ ግን ለልጆቹ ምን ብሎ እንደሚነግራቸው ጨነቀው።

«እኔ ደግሞ እናንተ ቤት ነው የማድረው» ብላ ቀጠለች፣ «የሚጠይቀኝ ካገኘሁ።»

ሰቨሪን ቀና አለ። እንደዚያ እሑድ ቃል ጠፋው፤ የዛሬው ግን ቶሎ ተመለሰለት።

«እናቴን ላማክራት ወይስ አሁኑኑ ልጠይቅሽ?»

«አንተ ጠይቀኝ። እናትህማ ከጠየቁኝ ቆይተዋል።»

በደምና በጭቃ እንደተለወሰ እዚያው መንገድ ዳር እንድታገባው ጠየቃት። ጋሼ ኡርባን መልሱን አልጠበቁም፤ ለእማማ ኩኒ ቀድመው የሚነግሩት እሳቸው መሆን ስለፈለጉ ትራክተሩን አስነሥተው ሄዱ።