ስልሳ ፊደል

«ሰላምታው የታለ?» አለ አባቷ፣ ስልኩን ወደ መነጽሩ አስጠግቶ።

«አባዬ፣ ገጹ የሚቀበለው ስልሳ ፊደል ብቻ ነው። ክፍት ቦታውም ነጥቡም ይቆጠራል። ያንተ ሰላምታ ብቻውን ሃያ ስምንት በላ!»

«ታዲያ ሰው ቤት ሰላም ሳይሉ ይገባል?»

ዙለይኻ ስልኩን መልሳ ተቀበለችው። መንገዱ ሊሰፋ የድሮ ሱቃቸው ከፈረሰ ሦስት ሳምንት ሆኖታል። አዲሱ ከወፍጮ ቤቱ ጀርባ ነው፤ ደንበኛ አላገኘውም። ዳቦው ይደርቃል፤ አባቷ የጸዳውን ሚዛን መልሶ ይወለውላል። የቱሉ ዲምቱ ነዋሪዎች ገጽ ለአንድ ሱቅ በሳምንት አንድ ማስታወቂያ ነው የሚያወጣው። የዚህ ሳምንቱ ዛሬ አሥር ሰዓት ላይ ይዘጋል።

እሷ የጻፈችው፣ «ሀይረዲን ሸቀጣ ሸቀጥ አሁን ከወፍጮ ቤቱ ጀርባ ሰማያዊ በር ጋ ነው» ይላል። ምን ጎደለው?

ጓደኛዋ ሉላ ገባች።

«ደህና ነሽ ሉላ? ወንድሞችሽስ? እናትሽስ? ከብቱስ?» አለ አባቷ፣ እንደ ልማዱ ጮክ ብሎ።

«ጋሽ ሀይረዲን፣ እኛ እኮ አራተኛ ፎቅ ነን! ከብቱን በየት እናውጣው?»

ሳቃቸው ሳያልቅ ወይዘሮ ዳሲቱ ባዶ ፌስታል ይዘው በበሩ ብቅ አሉ።

«አንተ! እዚህ ነህ እንዴ? ስንቴ በዚህ አልፌአለሁ መሰለህ! አሁንም ከብቱን ስትጠይቅ ባልሰማ አልፌህ ነበር።»

ስኳርና ሳሙና ገዝተው፣ የልጅ ልጃቸውን ጉንፋን አውርተው፣ መርቀው ሄዱ። አባቷ በሦስት ሳምንት ውስጥ ለመጀመሪያ ጊዜ ማፏጨት ጀመረ።

አሥር ሰዓት ሊሆን አምስት ደቂቃ ሲቀረው ዙለይኻ የጻፈችውን በሙሉ አጠፋች። እንደገና ጀመረች።

«ደህና ናችሁ? ልጆቹስ? እናታችሁስ? እኛ ከወፍጮ ቤቱ ጀርባ ሰማያዊ በር ጋ ነን። ኑ።»

ስድስት ፊደል ተረፋት።

ሉላ በዙለይኻ ትከሻ ላይ አጮለቀች። «አሪፍ! ‹ሀይረዲን› በይበት፣ ልክ ይገባል። ስም ከሌለው ማን እንደሆነ በምን ያውቃሉ?»

ዙለይኻ ቀና አለች። አባቷ የሚዛኑን ሳህን እየወለወለ ያፏጫል።

ጣቷን ወደ ሰላምታው መለሰች። ከ«እናታችሁስ?» ቀጥሎ «ከብቱስ?» ብላ ጻፈች።

«አቦ፣ ፋራ ነው የሚሉን!» አለች ሉላ።

«ይበሉና።»

የፊደል ቆጣሪው ዜሮ ላይ ቆመ። ላከችው።