የድንጋዩ ራስ የት ነው?

የድንጋይ ናሙና ሠራተኛው ኤጄታ ሞቶ የተገኘው ከጎጆ ከተማ በላይ ካለው ጉድጓድ ተሰርስረው በወጡት የኖራ ድንጋዮች መካከል ነው። አምቦ ዳር፣ በነዳጅ ፈላጊው ድርጅት ግቢ፣ ድንጋዮቹ በሚቀመጡበት ኮንቴነር ውስጥ፣ ጥፍሮቹ በሩን ሲቧጥጥ ተሰባብረው ነበር። በሩ ከውጭ ተቀርቅሯል። መብራት ስለጠፋ ጄኔሬተሩ ከጎን ይሠራ ነበር፤ የጭስ ማውጫው ቱቦ ወደ ኮንቴነሩ የአየር ቀዳዳ ዞሯል።

የፖሊስ ጣቢያው ሰዎች ብዙ አልደከሙም። ጄኔሬተሩን የሚያስነሳው ዘበኛው መርጋ ነው፤ እንግዲያው ገዳዩም እሱ ነው። እነሱ ዘንድ ምርመራ ማለት ቅርብ የተገኘውን ድሃ መቆለፍ ነው። ኢንስፔክተር ዲቦራ ከባኮ ተጠርታ ስትደርስ መርጋን ከሰዓት በኋላ ወደ ዞን ለማዛወር ወረቀቱ ተፈርሞ ነበር። ንዴቷን ዋጥ አድርጋ እስረኛውን አነጋገረችው።

መርጋ ጄኔሬተሩን አስነስቶ ምሳ ሊበላ ቤቱ መሄዱን፣ ቱቦው ያኔ ወደ አጥሩ ዞሮ እንደነበር ነገራት። ሟቹ የአክስቱ ልጅ ነው።

«ሬሳው ዛሬ ጎጆ ይገባል» አላት። «እኔን የፈለጋችሁትን አድርጉኝ። ግን አክስቴ መርጋ ገደለው ብላ እንዳትቀብረው።»

ኤጄታ በሞተ ዕለት በምሳ ሰዓት ግቢው ውስጥ የቀሩት ሦስት ሰዎች ብቻ ነበሩ፦ ሟቹ፣ ሥራ አስኪያጁ ወንድወሰንና ወጣቷ ጂኦሎጂስት ሰምሃል። ወንድወሰን ዲቦራን ሲቀበል ቀኝ እጁ በፋሻ ስለተጠቀለለ ክንዱን ዘረጋላት፤ ሻይ ፈሶበት መቃጠሉን ነገራት። ከዚያም የነዳጅ ዘይት ያዘለውን ድንጋይ ሊያሳያት ቸኮለ። ጉድጓዱን የሚገዙት ሰዎች ነገ ይመጣሉ፤ በዙሪያው ያለው የገበሬ የገብስ ማሳ ሊታጠር ነው።

ረጅሙ ሳጥን ውስጥ ዘንግ የመሰለ ድንጋይ ተጋድሟል፤ አንደኛው ጫፉ ጠቁሯል። ሌላኛው ጫፍ ንጹሕ ነው፣ አጠገቡም ሳጥኑ ላይ G የምትል ፊደል ተጽፋለች።

«የላይኛው ጫፍ የቱ ነው?» ስትል ጠየቀችው።

«ይኸው፣ የጠቆረው። G ማለት ገዲ፣ ታች ነው። ሚኒባስ ውስጥ ‹ገዲ ቡኢ›፣ ውረድ ሲሉ አልሰማሽም? ኦሮምኛዬ ለዚህ ለዚህ አያንስም» ብሎ ሳቀ።

ዲቦራ አልሳቀችም። ሰምሃልን ለብቻዋ ወስዳ ስለ ዘይቱ ጠየቀቻት፤ ልጅቷ እያለቀሰች በዝርዝር አስረዳቻት። ዲቦራም ወዲያው መርጋን ከጣቢያ አስመጥታ ሁሉንም ኮንቴነሩ በር ላይ ሰበሰበች።

«በጥንቱ ባሕር ወለል የሞቱ ጥቃቅን ፍጥረታት ከጭቃ ጋር ተቀብረው ድንጋይ ሆኑ» ብላ ጀመረች። «ጥልቀቱና ሙቀቱ ሲያበስላቸው ዘይት ወጣቸው። ዘይት ከውሃ ይቀላል፤ በስንጥቁ ሽቅብ እየወጣ ውሃ የሞላው የኖራ ድንጋይ ቀዳዳዎች ውስጥ ይገባል። ከዚያም የማያሳልፍ ንብርብር ከላይ ሲያግደው እዚያው ሥሩ ይታፈናል። ስለዚህ ዘይቱን የምናገኘው በድንጋዩ ራስ ላይ ነው። ሰምሃል፣ G ምንድን ናት?»

«ጉባ። ላይ ማለት ነው። ከኤጄታ ጋር ነው የጻፍነው።»

«ኦቦ መርጋ፣ ሳጥኑን ስትሸከም ኤጄታ ምን ይልህ ነበር?»

«ጉባው ወደ በሩ ይሁን ይለኝ ነበር።»

«ታዲያ ራሱ ንጹሕ፣ እግሩ ጥቁር። ዘይቱ የተፈጥሮ ቢሆን ወደ ራሱ በወጣ ነበር። ድንጋዩን በተቃጠለ የሞተር ዘይት የቀባው ሰው ዘይት ላይ እንደሚጠራቀም ያውቃል፤ የቱ ላይ እንደሆነ ግን አያውቅም። እነዚህ ሁለቱ ያውቃሉ። ጉባውን ገዲ ያልከኝ አንተ ብቻ ነህ፣ አቶ ወንድወሰን። ኤጄታ ይህን አይቶ ለገዢዎቹ ሊናገር ነበር።»

«ድንጋይ መቀባት ሰው መግደል ነው እንዴ?»

«አይደለም። ፋሻውን ፍታው።»

ሰምሃል ፈታችለት። ሻይ ከፈሰሰ ይረጫል፣ ይንጠባጠባል፤ የወንድወሰን መዳፍ ላይ ግን ከዳር እስከ ዳር የተጋደመ፣ እንደ ቱቦው የወፈረ አንድ የቃጠሎ ሰንበር ነበር። መርጋ ጄኔሬተሩን አስነስቶ ሲሄድ ቱቦው ወደ አጥሩ ነበር፤ ስለዚህ ያዞረው ሰው የነካው ከጋለ በኋላ ነው። ዲቦራ የመርጋንና የሰምሃልን እጆች አገላብጣ አሳየች፤ ቃጠሎ የለባቸውም።

«አምስት ዓመት የለፋሁበትን በአንድ ቃል ሊያፈርሰው ነበር» አለ ወንድወሰን።

ዲቦራ በፖሊስ ፒክአፕ መርጋን ይዛ ጎጆ ስትደርስ የመቃብሩ አፈር ገና አልተመለሰም ነበር። መርጋን ሲያይ ከሕዝቡ አንዳንዱ ዱላውን ጨበጠ። ዲቦራ ቀድማ ገብታ ገዳዩ ሌላ መሆኑን፣ መያዙንም ለሁሉም በሚሰማ ድምፅ ነገረች። የኤጄታ እናት ሰዉን ከፍለው መጡና የመርጋን ፊት በሁለት እጃቸው ያዙ።

«አንተ እንዳልሆንክስ አውቄያለሁ» አሉት። «ግን በሩን ሲደበድብ አልሰማህም?»

«ምሳ ልበላ ሄጄ ነበር፣ አዳዳ» አላቸው መርጋ ለአክስቱ።

እጃቸውን ከፊቱ አላነሱም፤ ዓይኑን የሚያሳርፍበት ሌላ ቦታ አልነበረውም።