የብርቱካን እንጨት ከሰል

ራጊብን መጀመሪያ ያየሁት ሁለት የከሰል ቁራጮች ጆሮው አጠገብ አድርጎ ሲያጋጭ ነው።

ሐሙስ ነበር። እኔና አባቴ ከደመንሁር ወዲያ ካለው መንደራችን አሥር ጆንያ ከሰል በፒካፕ ጭነን ዓባይ ከባሕር የሚገናኝባት ረሺድ ገብተናል። ከዓሣ ገበያው ቀጥሎ፣ በሩን ወደ ወንዙ ያዞረው ቡና ቤት የአባቴ የቆየ ደንበኛ ነው። አሮጌው ባለቤት ዐርፎ ልጁ እንደተረከበው ሰምተን ነበር። ልጁ የመጀመሪያውን ጆንያ ፈታና እጁን እስከ ክርኑ ከተተ። ከታች ሁለት ቁራጭ አውጥቶ አጋጫቸው፤ አንገቱን ዘንበል አድርጎ አዳመጠ። ዘጠኙን ጆንያ እንዲህ እያደረገ አሳለፈ። አሥረኛው ላይ ቆመ።

«ሐጂ፣ ይሄኛው አይጮህም» አለ።

በደንብ የከሰለ የብርቱካን እንጨት ሲጋጭ እንደ ብርጭቆ ይጮሃል። ይህን አባቴን ሐጂ መቶሊን ማስተማር አያስፈልግም። አርባ ዓመት ከሰል ያከሰለ ሰው ነው። ፊቱ ጠቆረ፤ አንተ ከመወለድህ በፊት ጀምሮ አባትህ የኔን ከሰል ሳያይ ነበር የሚቀበለው አለው። ራጊብ አልተከራከረም። ቁራጩን እንደያዘ ቆሞ ቀረ።

ከፒካፑ ወርጄ ቁራጩን ተቀበልኩትና ደረጃው ላይ ሰበርኩት። መሐሉ ቡናማ ነበር። እንጨቱ ገና እንጨት ነው ማለት ነው፤ ሺሻ ላይ ቢቀመጥ ጭሱ ያንቃል።

ያ ጆንያ የወጣበትን ክምር ያፈንኩት እኔ ነበርኩ። አፈርና ገለባ የለበሰ የእንጨት ክምር ውኃው እስኪወጣለት ነጭ ይጨሳል፤ ቀጥሎ ቢጫ፤ በመጨረሻ እንደ ክር የቀጠነ ሰማያዊ። ሰማያዊው ሲመጣ ቀዳዳዎቹ ሁሉ ይደፈናሉ። ቀኑንና የጭሱን ቀለም በደብተር የምይዘው እኔ ነኝ። በዚያ ክምር ሰማያዊውን ከአንድ ወገን ብቻ አይቼ ዘጋሁት።

«ልክ ነው» አልኩ። «የቸኮልኩት እኔ ነኝ።»

ያን ጊዜ ቀና ብሎ አየኝ። ሰው ጥፋቱን ሲናገር መስማት ያልለመደ ሰው አስተያየት ነበር።

«ዘጠኙንም ያከሰለችው እሷ ከሆነች» አለ ለአባቴ፣ «አሥረኛውን ለራሴ ሻይ ማፍያ እወስደዋለሁ። እኔው ልታነቅ።»

አባቴ ሊቆጣ አፉን ከፍቶ ሳቀ።

ከዚያ ወዲያ ሐሙስ ከሌሎቹ ቀናት የሚረዝም ይመስለኝ ጀመር። ጆንያው እስኪራገፍ በር ላይ ቆሜ ሥራውን አይ ነበር። ከሰሉን በእኩል ቁራጭ ይከረክመዋል፤ የጋዝ ምድጃው ላይ ይደረድረዋል፤ በጉጠት አንዴ፣ ሁለቴ፣ ሦስቴ ያገላብጠዋል። ሃያ ደቂቃ ይፈጅበታል። ዳር ላይ ጥቁር ነጥብ እስካለ ድረስ አያነሳውም። ዙሪያውን ቀልቶ ስስ ነጭ አመድ ሲለብስ ብቻ፣ እፍ ብሎበት፣ የሺሻው ራስ ላይ በዝግታ ያስቀምጠዋል። ከዚያ በኋላ አንድ ሰዓት ሙሉ ማንም አይነካውም። ሽታ የለውም፣ አይፈነጥቅም፤ የሚቀምሱት ትንባሆውን ብቻ ነው። ዓሣ አጥማጆቹ ፍም አምጣ እያሉ ይጮሁበታል። እሱ ደግሞ ወንዙ ላይ ስድስት ሰዓት መረብ ጥላችሁ ትጠብቁ የለም ወይ፣ ሃያ ደቂቃ ምን አላት ይላቸዋል።

ባዶ ጆንያዎቹን የሚመልስልን አጣጥፎ ነው። በሦስተኛው ሐሙስ አንዱ ጆንያ ውስጥ በጋዜጣ የተጠቀለሉ ሁለት ቁራጮች አገኘሁ፤ ከሳምንቱ ከሰል ከሁሉ የተሻለውና ከሁሉ የከፋው። ቃል አልተጻፈበትም። እኔ ግን የትኛው ክምር እንደሆነ፣ በስንተኛው ቀን ነፋስ እንደገባበት አወቅሁ። በሚቀጥለው ሳምንት አስተካከልኩት። እሱ እንደገና ሁለት ላከ፤ እኔ እንደገና አስተካከልኩ። ሌሎች ልጃገረዶች በስልክ የሚላክላቸውን ነገር አውቃለሁ፤ አልቀናሁባቸውም። በጥቅምት የሚመጣው ቁራጭ አንድ ብቻ ሆነ። ክፉው ቀረ።

በኅዳር አባቴ ከዓሣ ሻጮች ጋር ሲጨዋወት ራጊብ ጆንያ የሚያስር መስሎ አጠገቤ ጎንበስ አለ።

«ኢንሳፍ፣ ከከሰሉ ውጪ የምጠይቀው ነገር ነበረኝ።»

«ከሰሉንም ሌላውንም የሚሸጠው አባቴ ነው» አልኩት።

«እኔን ሳያጋጭ አንቺን የሚሰጠኝ ይመስልሻል?»

«መጮህህን አላውቅም» አልኩት፤ ፊቴን ግን ወደ ወንዙ አዞርኩ።

በጥር መጨረሻ ከእናቱ ጋር እኔን ሊጠይቅ ሊመጣ ቃል ተያዘ። አባቴ ደስታውን በይፋ አላሳየም፤ ነገር ግን የእንግዳ ክፍሉን ኖራ አስቀባ።

ጥር ገባ። ባሕሩ ተናወጠ፣ ዝናቡ አግድም መጣ። በሁለተኛው ሳምንት ራጊብ ሁለት ጆንያ ብቻ ይበቃኛል አለ። በሦስተኛው ምንም አልወሰደም። ቀና ብሎም አላየኝም። አባቴ ሻይ ሊጠጣ ገብቶ ሲወጣ ከንፈሩ ነጭ ሆኖ ነበር። ጠረጴዛው ላይ የፋብሪካውን ክብ ከሰል በካርቶን አይቶታል፤ ያንን ክብሪት ሲነካው ቱርር ብሎ በደቂቃ የሚቀላውን፣ ጨውና ባሩድ የተቀባውን። ሽታው ልብሱ ላይ ተከትሎት መጣ።

ቢሆንም በቃሉ መሠረት እንግዶቹን ተቀበለ። ራጊብ ከእናቱ ከሲት ዘኪያ ጋር መጣ። የደስታው ጣፋጭ መጠጥ፣ ሸርበቱ፣ ተቀድቶ ትሪው ላይ ተቀምጧል፤ የሚጠጣው ፋቲሓ ተቀርቶ እጮኝነቱ ከጸና በኋላ ነው። እኔ ከመጋረጃው ኋላ ሆኜ አይ ነበር። አባቴ አንድ ጥያቄ ብቻ ጠየቀ፤ ለምን ክቡን ከሰል ገዛህ አለው።

ራጊብ ምንጣፉን አየ፤ ቀጥሎ ወደ እናቱ ቀና አለ። «ቀላል ሆነልኝ» አለ።

 ዝናቡ ጣሪያውን ሲመታ ይሰማል።

«በደቂቃ የሚነድ ሰው በሩብ ሰዓት ይጠፋል» አለ አባቴ። «ልጄን ቀላል ለሆነለት ሰው አልሰጥም።»

ሸርበቱ ሳይነካ ተመለሰ።

ሦስት ቀን አለቀስኩ። በአራተኛው ደብተሬን ከፈትኩና ያየሁትን በተራ ጻፍኩ። አሥረኛውን ጆንያ በጆሮው የለየ ሰው ለቅለት ሲል ክብ ከሰል አይገዛም። ይህ አንድ ነው። ሲት ዘኪያ በዚያ ቀን ከበሩ ሥር ተቀመጠች፤ ክፍሉን ልናሞቅ ፍም ስናስገባ መስኮት እንዲከፈትላት ለመነች፣ በዚያ ብርድ። ፍም አንዴ የጣለው ሰው ብቻ ነው እንዲህ መስኮት የሚለምን፤ ይህ ሁለት። ራጊብ «ቀላል ሆነልኝ» ሲል ያየው አባቴን አልነበረም፣ እናቱን ነበር። ሦስት። ሦስቱን አንድ ላይ ሳነባቸው እንባዬ ቆመ።

ሐሙስ አባቴ ለዓሣ ጥብስ ቤቶች ሲያራግፍ የሲት ዘኪያን ጤና ልጠይቅ ብዬ ሄድኩ። ከቡና ቤቱ በላይ ነው የሚኖሩት። ገና ሳልቀመጥ ጠየቅኋት፤ መቼ ነው የወደቁት አልኳት።

እሷም ነገረችኝ። ማዕበሉ ሲመጣ ነፋሱ አመዱን በየሻዩ ብርጭቆ እየበተነ ስላስቸገረ የጓዳውን መስኮት በላስቲክና በምስማር ዘጉት። ረሺድ ውስጥ ሁሉም ቡና ቤት በጥር የሚያደርገው ነው። ጋዝ ስላለቀባቸው ራጊብ ፍሙን በማንደጃ ጓዳ አስገባው። እሷ ብርጭቆ ስታጥብ ራሷን ከበዳት፣ ጉልበቷ ከዳት። ራጊብ መጋረጃውን ገልጦ ሲገባ ወለሉ ላይ አገኛት። በጀርባው አዝሎ ወንዙ ዳር አወጣት። ከዚያ ቀን ጀምሮ የተፈጥሮ ከሰል በእጁ አልነካም። ክቡን ደጅ ቆሞ ነው የሚያቀጣጥለው።

«ለአባትሽ አትንገሪው፣ ልጄ» አለችኝ። «ሰውየው በከሰሉ ነው የሚኮራው።»

ስወርድ ራጊብ ደረጃው ሥር ቆሞ ነበር።

«ነገረችሽ?»

«መጀመሪያ ጓዳውን አሳየኝ» አልኩት።

ምስማሮቹን ቆጠርኩ፤ አሥራ አራት። ላስቲኩ ገና አልተነቀለም። እጄን በዙሪያው አዞርኩ፤ ምንም ነፋስ አይገባም።

«ከሰሉ አይደለም፣ መስኮቱ ነው» አልኩት። «ክቡም ያው መርዝ አለው። እዚህ ገብተህ ብታነደው እሱም ይጥላታል። መርዙ እኛ ዘንድ ሌባው ይባላል፤ ሽታ የለውም፣ እግር የለውም። አባቴ ነፋሱ ጭሱን በሚነዳበት በኩል ከክምር አጠገብ የተኛ ሠራተኛ ካየ በዱላ ነው የሚቀሰቅሰው።»

«ታዲያ ምን ልበላቸው? ከሰልዎ እናቴን ጣላት ልበል፣ በገዛ ቤታቸው፣ ልጃቸውን ልጠይቅ ሄጄ?»

«እኔን በማጣት ነው አባቴን የምታከብረው?»

 ዓይኑ እንባ ሞላ፤ ወደ ጎንም አላዞረውም። በዚያ ዓይን ውስጥ በነዚያ ወራት ሁሉ በጋዜጣ ጠቅልሎ የላከልኝን ሁሉ እንደገና አነበብኩ።

ወደ መንደራችን መንገድ ከጀመርን በኋላ ለአባቴ ነገርኩት። ምንም አልሸፋፈንኩም፤ መስኮቱን፣ ምስማሩን፣ ሴትየዋ የወደቀችበትን ቦታ፣ የለመነችኝንም ጭምር። አባቴ መሪውን እንደያዘ የብርቱካን ማሳዎቹን አልፎ ሄደ። የመስኖው ድልድይ ላይ ሲደርስ ፒካፑን አዞረ።

ሰላምታ ሳይሰጥ ቡና ቤቱ ገባ። ዓሣ አጥማጆቹ ካርታቸውን አስቀመጡ። ጓዳ ገብቶ ጉጠቱን አነሳና ምስማሮቹን አንድ በአንድ ነቀለ። የወንዙ ነፋስ ገባ። ከዚያ ማንደጃውን በሁለት እጁ ተሸክሞ ደጅ አወጣው፤ ከቆርቆሮው ጥላ ሥር፣ ነፋሱ ከቤቱ ርቆ በሚወስደው በኩል አስቀመጠው። ከፒካፑ ያልተሸጠ ጆንያ አወረደ። በባዶ እጁ መረጠ፣ አጋጨ፣ ደረደረ፣ ለኮሰ። ራጊብ አጠገቡ ቆሞ ቁራጭ ያቀብለዋል።  ሃያ ደቂቃ ሙሉ አንዱ ሲያገላብጥ ሌላው ያራግባል።

ፍሙ ነጭ ሲለብስ አባቴ ቀና አለ።

«ለምንድነው ያልነገርከኝ?»

«ከሰልዎ ምንም ጥፋት የለበትም፣ ሐጂ። ጥፋቱ የኔ ነው። መስኮቱን የዘጋሁት እኔ ነኝ።»

«ቤቴ መጥተህ ሰነፍ ተብለህ ተዋርደህ ሄድክ።»

«ሄድኩ።»

አባቴ ጉጠቱን አስቀመጠ። «አርባ ዓመት ከሰል ሸጥኩ» አለ። «እንዴት እንደሚነድ ለሁሉም ነገርኩ። እንዴት እንደሚገድል ለማንም ነግሬ አላውቅም። ያሳፍረኝ ነበር።» ከዚያ ወደ ላይ፣ ወደ ሰገነቱ አንጋጦ ሲት ዘኪያን ጠራትና ይቅርታ ጠየቃት፤ ዓሣ አጥማጆቹ ሁሉ እየሰሙ። ቀጥሎ ወደ ራጊብ ዞረ።

«ለሰው ክብር ሲል አፉን ይዞ መዋረድ የቻለ፣ የቤት ምሥጢር ይይዛል። እጅህን ዘርጋ።»

እዚያው ቆመው፣ ከጆንያው ጎን፣ መዳፋቸውን ከፍተው ፋቲሓ ቀሩ። እኔ ፒካፑ ውስጥ ነበርኩ። የራጊብ ከንፈር ሲንቀሳቀስ አይ ነበር። ሲጨርሱ እንደ ደንቡ ሁለቱም መዳፋቸውን ፊታቸው ላይ አሳለፉ። እጃቸው ግን ከሰል የነካ እጅ ነው። ራጊብ ከግንባሩ እስከ አገጩ ጠቆረ። አባቴ በሁለቱ ጉንጮቹ ላይ አምስት አምስት ጣት ታተመበት። ሲት ዘኪያ ከሰገነቱ እልል አለች። አጥማጆቹ ጠረጴዛ ደበደቡ። ራጊብ በዚያ ጥቁር ፊት ቀና ብሎ አየኝ፤ እኔም ፊቴን ወደ ወንዙ አላዞርኩም።

አባቴ ፊቱን በመስታወት አላየም፤ እኔም አልነገርኩትም። ፀሐይ ሳትጠልቅ መንደራችን ገባን። እንደ ልማዱ በኮስታራ ፊት፣ ዜናውን ለማንም ላለመናገር ወስኖ፣ በወፍጮ ቤቱ በኩል ቀስ ብሎ ነዳ። ተራ የሚጠብቁት ሴቶች አዩት። መጀመሪያ ጉንጩ ላይ የታተመውን የፋቲሓ መዳፍ፣ ቀጥሎ እኔን። ከመካከላቸው አንዷ አፏን በእጇ ከልላ እልልታውን ለቀቀችው፤ ሌሎቹ ተቀበሏት። አባቴ ግራ ተጋብቶ ዞሮ «ማን ነገራቸው?» አለኝ።