ሩቂያ የቀረችበት ፈተና

«ከእኩል ምልክቱ በዚህ ወገን ያደረግሽውን፣ በዚያም ወገን አድርጊ። ያለዚያ ሒሳቡ ውሸት ይሆናል።»

መቅደላ ይህን የሰማችው ከጥቂት ዓመታት በፊት ነው። ያኔ ዕድሜዋ ዐሥራ አምስት፣ ቤቷም መርሳ ከተማ፣ ከመናኸሪያው ጀርባ ነበር። የነገሯት የዘጠነኛ ክፍል የሒሳብ መምህሯ ቲቸር ገበየሁ ናቸው። እሷ ግን ለሒሳብ ብቻ መሰላት።

መቅደላ የአንድ ለአምስት ቡድኗ መሪ ነበረች። ቲቸር ገበየሁ ሲፈትኑ ከየቡድኑ አንድ ልጅ ድንገት ጠርተው ሰሌዳ ላይ ያሠራሉ። ያ ልጅ ያገኘው ውጤት የቡድኑ ሁሉ ነው። ጎበዙ ደካማውን እንዲያስጠና ብለው ነው።

በቡድኑ ውስጥ ሩቂያ የምትባል ልጅ አለች። ከገጠር በእግሯ ነው የምትመጣው፤ ሒሳብ ይከብዳታል።

«ነገ ፈተናው ላይ እሷን ከጠሯትማ አለቀልን!» አለ ከቡድኑ ልጆች አንዱ፣ ፍፁም። «ኤክስን ስታይ እኮ ጅብ እንዳየ ሰው ነው የምትሸሸው!»

ልጆቹ ሳቁ። መቅደላም ሳቀች። ከዚያ ሩቂያን ለብቻዋ ጠራቻት።

«ሩቂዬ፣ ነገ ብትቀሪስ?»

«አታስጠኚኝም እንዴ? ዛሬ እንቆያለን ብለሽኝ ነበር እኮ።»

«ጊዜ የለኝም። ለአንድ ቀን ነው፤ ምን አለበት?»

ሩቂያ አንገቷን ደፋች። «እሺ» አለች።

ልጆች፣ እናንተ ብትሆኑ ያቺን «እሺ» ሰምታችሁ ዝም ትሉ ነበር?

በማግስቱ ቲቸር «ሩቂያስ?» ሲሉ መቅደላ «አሟታል» አለች። ቡድኑ ዐሥር ከዐሥር አገኘ። ሩቂያ ግን በሳምንቱም አልመጣችም።

መቅደላ ጭንቅ ሲላት ቅዳሜ እነሩቂያ ቤት ድረስ ሄደች። የሩቂያ እናት በር ላይ ተቀበሏት።

«መቅደላ አንቺ ነሽ? እሷማ ትምህርት አይገባኝም ብላ ቀረች። አባቷም ‹ከቀረሽማ ሥሪ› አሏት፤ ኮምቦልቻ ሰው ቤት ሠራተኛ ሆና ገባች። ወላሂ፣ ስምሽን ሳታነሳ አትውልም ነበር። ‹መቅደላ ታስጠናኛለች› እያለች።»

መቅደላ መንገዱን ሁሉ እያለቀሰች ተመለሰች። ሰኞ ሁሉንም ለቲቸር ገበየሁ ነገረቻቸው።

«ዐሥሩን ይሰርዙልኝ» አለች።

«እሱንስ እሰርዛለሁ» አሏት። «ሩቂያን በምን ልመልሳት፣ የኔ ልጅ?»

ሄደውም አባቷን ለመኑ። ሩቂያ ግን አልተመለሰችም።

ልጆቼ፣ በእናንተ ላይ ቢደረግ የሚያስለቅሳችሁን በጓደኛችሁ ላይ አታድርጉ፤ ይቅርታ ጠይቃችሁም የማይመለስ ነገር አለና።

ከዚያ በኋላ አንድ ጠዋት መቅደላ ደብተሯን ይዛ ከፊት ወንበሯ ተነሣች። ማንም ቡድኑ ውስጥ የማይፈልገው ብሩክ መጨረሻ ላይ ብቻውን ተቀምጧል። ሄዳ አጠገቡ ቁጭ አለች።

«የቱ ጋ ነው የጠፋብህ?» አለችው።