ሃምሳ አራት ደረጃ

ከጠዋቱ ሦስት ሰዓት ነበር፤ ከጮቄ የወረደው ጭጋግ የደብረ ማርቆስን ቆርቆሮ ጣሪያዎች ገና አልለቀቀም።

የመንግሥት የአካል ጉዳተኞች ድጋፍ በአዲስ መመሪያ ተቀይሯል። ተሽከርካሪ ወንበር የሚገባው ማን እንደሆነ እንደገና ሊጣራ ነው። በጽሕፈት ቤቱ በር ላይ የተለጠፈው ማስታወቂያ «ምዝገባ፦ ሦስተኛ ፎቅ» ይላል። ሕንጻው ሊፍት የለውም።

አርሴማ በጽሕፈት ቤቱ ሥራ ከጀመረች ሁለተኛ ሳምንቷ ነው። ታች የቀሩትን ልትመዘግብ ቅጽ ይዛ ስትወርድ ደረጃው ላይ አንድ ወጣት አየች። ወንበሩን ከደረጃው ሥር ትቶ፣ በሁለት እጆቹ በረባሶ አጥልቆ፣ ተቀምጦ ወደ ኋላ፣ ራሱን ከደረጃ ወደ ደረጃ ያነሳል። እግሮቹ ይከተሉታል።

«ምነው! እኛ እኮ ልንወርድ ነው» አለች ደንግጣ።

«እናንተ እስክትወርዱ ገበያው ይበተናል። ሱቄን ዘግቼ ነው የመጣሁ።»

«ምን ይሠራሉ?»

«ቁምጣ እሰፋለሁ፤ ለእግረኛ» ብሎ ሳቀ። «አንቱ አይበሉኝ። እንዳላማው ነኝ።»

አብራው ወጣች፤ እሱ ሲያርፍ እያረፈች። አንደኛ ፎቅ ሲደርሱ «ይብቃህ፤ ቅጹን እዚሁ እሞላልሃለሁ» አለችው። ቀና ብሎ አያት። ዓይኗን አላሸሸችም።

«ልጨርሰው» አለ።

ደረጃው ሃምሳ አራት ነው። ሲጨርሱ ሸሚዙ በላብ ርሶ ነበር። እሷም በቅጹ የአስተያየት መስጫ ላይ «ማንም ሳይደግፈው ሦስተኛ ፎቅ ድረስ ወጣ» ብላ ጻፈች።

ያ በሰኔ ነው። ክረምቱን ቅዳሜ ቅዳሜ ሱቁ መዋል ጀመረች። የስፌት መኪናው በእጅ የሚዞር ስለሆነ፣ አንድ እጁ መዘውሩን ሲያዞር ጨርቁን የሚመራው በሌላው ብቻ ነበር። አሁን መዘውሩን እሷ ያዘች። እሱም በሕይወቱ ለመጀመሪያ ጊዜ ሁለቱንም እጆቹን ለጨርቁ ሰጠ።

«ቀስ በይ እንጂ! ይህ የጋሽ አካለ ወልድ ቁምጣ ነው። እስከ ሮብ ገበያ በእግራቸው ነው የሚመለሱ፤ መንገድ ላይ ቢተረተርስ?»

«አንተ ክሩን ጠብቅ። እኔ መዘውሬን አውቃለሁ።»

«መዘውሬ አለች!»

ከመስቀል በኋላ ሽማግሌ ሉማሜ ወዳሉት አባቷ ዘንድ ሊልክ ተስማሙ።

በመስከረም ወንበር የተፈቀደላቸው ሰዎች ዝርዝር ወጣ። የእንዳላማው ስም የለም። የአሮጌ ወንበሩ ብረት ሦስት ጊዜ ተበይዷል፤ አራተኛ ብየዳ አይችልም። አርሴማ መዝገቡን ከፈተች። በቀይ ቀለም «ራሱን ችሎ ይንቀሳቀሳል፤ አይገባውም» ተብሎ ተጽፏል። በማስረጃነት የተጠቀሰው የእሷ ዓረፍተ ነገር ነው።

ሁለት ጊዜ አነበበችው። በሦስተኛው ፊደሎቹ ጠፉባት።

በዚያው ቀን ሱቁ በር ላይ ቆማ «እኔ ነኝ» አለችው።

«ምኑ?»

ነገረችው። መዘውሩ ቆመ።

«ስለ ወንበሬስ ምንም አልጻፍሽም?»

«ያኮራኝን ብቻ ጻፍኩ።»

መርፌው ጨርቁ ውስጥ እንደተሰካ ቀረ። «እስከ አንደኛ ፎቅ ለወረፋው ነው የወጣሁት» አለ። «ከዚያ በላይ ያለውን ግን አንቺ አጠገቤ ስለነበርሽ።»



እንዳላማው አቤቱታ አስገባ። አቤቱታ የሚሰማውም ሦስተኛ ፎቅ ነው።

«ብወጣ ‹ችሏል› ይላሉ፤ ባልወጣ ‹ቀርቷል› ይላሉ» አለ። በቀጠሮው ቀን ታች፣ ከደረጃው ሥር፣ ወንበሩ ላይ ተቀመጠ።

ላይ፣ የአቤቱታ ሰሚው ኮሚቴ ሰብሳቢ አቶ ፍሥሐ ስሙን ሦስት ጊዜ ጠሩ። «ቀርቷል» ብለው ብዕራቸውን አነሱ።

ቃለ ጉባኤ ትይዝ የነበረችው አርሴማ ተነሣች። «አልቀረም። ታች ነው።»

«መውጣት እንደሚችል የጻፍሽው አንቺው አይደለሽ?»

«ተሳስቻለሁ። ሌላም አለ፤ እጮኛዬ ነው።»



«አስቀድመሽ ማሳወቅ ነበረብሽ» አሉ አቶ ፍሥሐ ድምፃቸው ተለውጦ። «ቃልሽ አይያዝም። አንቺም ትጠየቂያለሽ።»

«ቃሌን ይተዉት። ወርደው ወንበሩን ይዩት።»

ወረደች። ከእሱ አጠገብ የመጀመሪያው ደረጃ ላይ ተቀመጠች።

«ምን አልሻቸው?»

«ስለ ሁለታችን።»

ፊቱ አመድ መሰለ። «ሥራሽስ?» አለ። መልስ ሳትሰጠው ከላይ የጫማ ድምፅ ተሰማ።

አቶ ፍሥሐ መዝገቡን ታቅፈው ቀስ እያሉ ወረዱ። የተበየደውን ብረት በጣታቸው ነኩ። ከዚያ ወንበሩ ላይ የተንጠለጠለውን፣ ሶሉ በእጅ ጉዞ ያለቀውን በረባሶ አዩ። ደረጃው ላይ ተቀመጡና ጻፉ።

አዲሱ ወንበር በኅዳር መጣ። በዚያው ሳምንት አርሴማ በቅጣት ወደ ቁይ ከተማ ተዛወረች። በጥር ተጋቡ፤ የስፌት መኪናውም በአውቶቡስ ጣሪያ ላይ ተጭኖ ቁይ ገባ።

የቁይ ጽሕፈት ቤት በር ከመሬት እኩል ነው።